የድሮውን ቡድን እናክብር ስንል የማንን ድሮ ነው?

ባነር ቤት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኅትመት ቤት አለችኝ። ባነር፣ ስቲከር፣ የሠርግ ካርድ፣ ማሊያ ላይ ስምና ቁጥር እሠራለሁ። ጥያቄዬ ግን የኳስ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን የምስረታ በዓሉን ሊያከብር ነው። ስሙን አልጠራም። ነገሩ ገና አልተቋጨም፣ ከሰው ጋርም መቀያየም አልፈልግም። የክረምት ውድድር በደመቀበት ዘመን ይህ ቡድን ሆጤ ሜዳ ሲጫወት ሰፈሩ ጭር ይል ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰው ሱሪ ጀምሮ ሳይጨርስ ሲንጀሩን ሸፍኖ፣ እኔን ትከሻው ላይ አውጥቶ ይሄዳል። የሱሪው ባለቤት አይቆጣም፣ እሱም እዚያው ነው ያለው። ዛሬ ጨዋታ ሲኖር መስመር ዳር የምታዩት የተጫዋቾቹን ወንድሞች፣ ጥቂት ጡረተኞችና ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ነው። ወጣቱ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። አልፈርድበትም፣ እኔም አንዳንዴ እዚያው ነኝ።

እና ኮሚቴው "የቡድኑን ታሪክ እናክብር፣ ደጋፊውን እንመልስ" ብሎ ተነሳ። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ሦስት ሥራ ይዘውልኝ መጡ፤ ትልቅ ባነር፣ አዲስ ማሊያ፣ እና በሕይወት የሌሉ ተጫዋቾች ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ። ጣጣው የጀመረው ፋይሉን ስከፍት ነው።

ሊቀመንበራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ቡድኑ እስካሁን ያልፈረሰው በሳቸው ገንዘብ ነው፣ አከብራቸዋለሁ። ግን ልጅ ሆነው ያበዱለት ቡድን የኛ አይደለም። የድሮው የክፍለ ሀገር ምርጥ ቡድን ነው። በፍላሽ ያመጡልኝ ፎቶ ከአንዷ በቀር ሁሉም የዚያ ነው። የኛዋ አንድ ፎቶ ደግሞ ከታች ጥግ ላይ፣ ከስፖንሰሩ ስልክ ቁጥር አጠገብ ትግባ ተባልኩ።

ያቺን ፎቶ ስካን ሳደርግ አፍጥጬ ቀረሁ። ስድስቱ ቆመዋል፣ አምስቱ በርከክ ብለዋል። ከኋላ መረብ የሌለው ጎል አለ። ከጎሉ በላይ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። በረኛው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ አድርጓል፤ ጥፈቱ የካኪ ጨርቅ ነው፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ እንኳ ይለያል። በርከክ ካሉት የመሀለኛው አንድ እግሩ ላይ ታኬታ፣ ሌላው ላይ ሸራ ጫማ ነው ያደረገው። ፈገግታው ግን የሙሉ ታኬታ ነው። ይህችን ፎቶ ነው እንግዲህ ጥግ አስገባ የተባልኩት።

ማሊያው ደግሞ ሌላ ነው። የድሮው አረንጓዴ ነበር፣ ደረቱ ላይ ነጭ ሰንበር ያለው። አሁን የመጣልኝ ዲዛይን የአንድ የእንግሊዝ ክለብ ቅጂ ነው፣ አርማው ብቻ ተቀይሯል። "ወጣቱን ለመሳብ ነው" ተባልኩ። ወጣቱ ዋናው እያለለት ቅጂውን ምን ሊያደርግለት?

የስም ዝርዝሩ በባለመስመር ወረቀት በእስኪርቢቶ ተጽፎ ነው የመጣው። ከላይ "በሕይወት የሌሉ" ይላል። ሳነበው ደነገጥኩ። ከስሞቹ አንዱን በዚያው ሳምንት ሸዋ በር ዳቦ ሲገዙ ሰላም ብያቸዋለሁ። እንዲያውም ስለ ዳቦው ማነስ አማርረውልኛል። ኮሚቴው ላይም ሙሉ በሙሉ አልፈርድም፤ የቡድኑ መዝገብና ዋንጫዎች በ2014ቱ ጦርነት ከቢሮ እንደወጡ አልተመለሱም። ሁሉም ከአእምሮ ነው የሚጻፈው።

እኔ የታዘዝኩትን አትሜ ገንዘቤን መቀበል እችላለሁ። ግን እጄ እሺ አላለኝም። እስቲ ምከሩኝ። ይህን ነገር በየትኛውም ስፖርት በደንብ የሠራ ቡድን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ያበላሸም ካለ ንገሩኝ።


በርበሬ ወንዝ (ኮምቦልቻ)

አጀብ ነው! ሰውየውን በቁማቸው ቀብራችሁ ሰደቃ እንኳ አላበላችሁም።

ባነሩን ተወውና መጀመሪያ ዝርዝሩን አስተካክል። ማን ሞተ ማን አለ የሚለውን የኳስ ኮሚቴ አያውቀውም። የሚያውቀው ዕድር ነው። የየሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ጋ መዝገብ አለ፣ መዋጮ ያቋረጠውንም፣ ወደ አዲስ አበባ የሄደውንም፣ አፈር የገባውንም ለይቶ ይነግርሃል። ያውም በነጻ።

እኛም ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ አንድ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን በነበረን ጊዜ ሰው ከሽፍት ወጥቶ ቤቱ ሳይገባ ሜዳ ይመጣ ነበር፣ ጥጥ ፀጉሩ ላይ እንዳለ። ዛሬ ሞንታርቦ ተክለን ዘፈን ብንለቅም የሚመጣው ሕፃን ብቻ ነው። ስለ ደጋፊ መመለስ የሚያውቅ ካለ እኔም ለመስማት ተቀምጫለሁ።


ሙጋድ ነኝ

22 ዓመቴ ነው፣ እንግዲህ "ወጣቱ" የምትሉት እኔን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? ታሪክ ሲባል የሚታየኝ ስብሰባ ነው። ነጭ ፕላስቲክ ወንበር፣ የሃይላንድ ውሃ፣ የሚያፏጭ ማይክ፣ አንድ ሰዓት ንግግር። መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት የሚሰጣጡት ራሳቸው ኮሚቴዎቹ ናቸው።

ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። ጨዋታችሁን ቅዳሜ ከሰዓት ታደርጋላችሁ። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ማታ የእንግሊዝ ኳስ እንዳለ የማያውቅ ኮሚቴ ማን ይባላል? ከአርሰናል ጋር ተፋልማችሁ ልታሸንፉ ነው? እሁድ ጠዋት አድርጉት። ቅዳሴ ወጥቶ፣ 4 ሰዓት ላይ። እዚያ ሰዓት ላይ እኔ ምንም ሥራ የለኝም፣ ተኝቼ ነው የምውለው።

ያቺን ፎቶ ግን ቴሌግራም ላይ ልቀቃት። አንድ ታኬታ አንድ ሸራ ያደረገውን ሰውዬ ታሪክ የሚነግረኝ ካለ እሱን እሰማለሁ። ማሊያው ላይ አልስማማም። ጨርቁ ጥሩ ከሆነ አረንጓዴውን እለብሳለሁ። የሚያሳክከውን ፖሊስተር ካመጣችሁ ግን የባርሴሎናም ቢሆን አልለብስም።


ከኩዊንስ

ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን ኒውዮርክ ኩዊንስ ነው የምኖረው። ወንድሜ ባነር ቤት፣ ጽሑፍህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሊቀመንበራችሁ ያሰቡትን እዚህ ሰፈሬ ያለው የቤዝቦል ቡድን ሜትስ ሠርቶ ጨርሶታል። ያውም በባነር አይደለም፣ በሙሉ ስታዲየም።

ቤዝቦል ለማታውቁ በአጭሩ፦ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። መቺው ከሜዳው አጥር በላይ ካሳለፋት ሆም ረን ነው፣ ሕዝቡ ይነሳል። የቀረው ጊዜ ተጫዋቾቹ ሱፍ እየፈለፈሉ ሲተፉ ማየት ነው። እኔም መጀመሪያ እንቅልፌ ይመጣ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኒውዮርክ ድሮ ሦስት ትልልቅ ቡድኖች ነበሯት። በ1957 መጨረሻ ሁለቱ ጥለዋት ሄዱ። የብሩክሊኑ ዶጀርስ ሎስ አንጀለስ ገባ፣ ጃያንትስ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ። ሜትስ በ1962 መጫወት የጀመረው በዚያ ክፍት ቦታ ነው። ቀለሙ ሳይቀር የሄዱት ነው፤ ሰማያዊው ከዶጀርስ፣ ብርቱካናማው ከጃያንትስ። በመጀመሪያ ዓመቱ 120 ጨዋታ ተሸነፈ፣ ያሸነፈው 40 ብቻ ነው። ሰው ግን እየሳቀም እያለቀሰም ወደደው። በ1969 ማንም ሳይጠብቀው ሻምፒዮን ሆነ። የዚያን ዓመት ነገር እዚህ ሽማግሌ ፊት ካነሳችሁ ሥራችሁን ረስታችሁ ትውላላችሁ።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን። በ2009 ሲቲ ፊልድ የሚባለው አዲሱ ስታዲየም ተከፈተ። ፊት ለፊቱ የተሠራው የዶጀርስን የድሮ ሜዳ፣ ኤቤትስ ፊልድን፣ አስመስሎ ነው። ዋናው መግቢያ አዳራሽ የተሰየመው ለጃኪ ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰን በ1947 ጥቁሮች በማይሰለፉበት ትልቁ ሊግ ገብቶ ያንን አጥር የሰበረ ሰው ነው። 42 ቁጥሩ በ1997 በሊጉ ቡድኖች ሁሉ ማንም አዲስ ተጫዋች እንዳይለብሰው ተደርጓል። እሱን ማክበር የሚነቅፍ የለም፣ እኔም እዚያ አዳራሽ ስገባ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሰውየው ለሜትስ አንድም ቀን አልተጫወተም። ሜትስ ሳይፈጠር ነው ያቆመው። የዚያን ጊዜው ባለቤት ፍሬድ ዊልፖን ግን ብሩክሊን ያደገ የዶጀርስ ልጅ ነበር። አየህ አይደል? ያንተ ሊቀመንበር ናቸው፣ ቁርጥ!

ደጋፊው አዲሱ ስታዲየም ገብቶ ዞር ዞር አለና ራሱን አጣ። "የኛስ የት አለ?" አለ። ዝም ብሎም አልተቀመጠም። በማግስቱ ዓመት፣ በ2010፣ የሜትስ ሙዚየም እዚያው ውስጥ ተከፈተለት። ቀዩ ፖምም ደጅ ወጣ። ፖሙ ምን መሰለህ፣ በድሮው ሼይ ስታዲየም ሜትስ ሆም ረን ሲመታ ከትልቅ ባርኔጣ ውስጥ ብቅ የሚል ግዙፍ ፖም ነው፣ ከ1980 ጀምሮ የነበረ። እንደ ጥበብ ካየኸው ምንም አይደለም። ሰዎች ግን ቀጠሮ የሚይዙት "ፖሙ ጋ" ብለው ነው። እምነበረዱ አዳራሽ ውስጥ እንባ ሲያወጣ ያየሁት ሰው የለም፣ ፖሙ አጠገብ ግን አይቻለሁ።

ሼይ ስታዲየም ራሱ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። አስፋልቱ ላይ ቤዞቹ፣ ማለትም መቺው ሮጦ የሚረግጣቸው ማዕዘኖች፣ የነበሩበት ቦታ ምልክት ተደርጎበታል። ጨዋታ ባለበት ቀን ሰው በቆሙ መኪኖች መሀል እየተሽሎከለከ ምልክቷ ላይ ይቆምና ልጁን ፎቶ አንሳኝ ይለዋል። ልጁ አባቱ ምን እንደሚያይ አይገባውም፣ እሱ የሚያየው ቶዮታ ነው። ያኔ አባትየው መተረክ ይጀምራል። የናንተም የድሮ ልምምድ ሜዳ ዛሬ ቤት ተሠርቶበት ይሆናል። ጎሉ የነበረበት አጥር ላይ አንድ ቆርቆሮ ብትሰቅሉ ከባነሩ ይበልጣል ባይ ነኝ። ባነር ዝናብ ያነሳዋል። የሙያህን ነገር ስለነገርኩህ ይቅርታ።

አሁን ደግሞ ወደ ሟቾች ዝርዝር። በ2019 ሜትስ የ1969ኙን ድል 50ኛ ዓመት አከበረ። በዚያ በዓል ላይ ያረፉ የቀድሞ ተጫዋቾች ፎቶ በትልቁ ስክሪን ታየ። ከታዩት ሁለቱ በሕይወት ነበሩ! ቡድኑ ይቅርታ ጠየቀ። እንግዲህ ይህ የሚሆነው ጸሐፊ፣ ኮምፒውተርና ጠበቃ ያለው ክለብ ውስጥ ነው። ስለዚህ በባለመስመር ወረቀት የጻፈውን ኮሚቴህን ብዙ አትዘንበት። የዕድሩን ሐሳብ ያመጣው የኮምቦልቻው ወንድማችን ግን ለሜትስ መቀጠር ነበረበት።

ከዚህ የባሰው መዘግየት ነው። ቶም ሲቨር የሜትስ ትልቁ ተጫዋች ነበር፣ ወርዋሪ፣ የ1969ኙ ጀግና። ለዓመታት ሐውልት ይሠራለት ሲባል ቆየ። ይሠራል ተብሎ የተነገረው በ2019 ነው። ያኔ ሰውየው የመርሳት በሽታ ይዞት ከሕዝብ ፊት ርቋል፣ በዓሉ ላይም አልተገኘም። በ2020 አረፈ። ሐውልቱ የተመረቀው በ2022 ነው። እኔ ሐውልቱን ባየሁ ቁጥር ደስታና ንዴት አብረው ይመጡብኛል። እግሩን አጥፎ፣ ጉልበቱ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ሲወረውር ነው የተቀረጸው፣ ግሩም ነው። ግን ሰውየው አላየውም።

በ2022 ግን አንድ ነገር በደንብ ሠሩ፣ በሱ ልጨርስ። ከ1994 ወዲህ ተቋርጦ የነበረውን የአንጋፋ ተጫዋቾች ቀን መለሱት። ከ60 በላይ የቀድሞ ተጫዋቾች መጥተው ማሊያ ለብሰው እርስ በርስ ተጫወቱ። ቦርጭ ያለው፣ የሚያነክሰው፣ ሁሉም። የኛ ጤና ቡድን ማለት ነው፣ እሁድ ጠዋት ሆጤ የምታዩት። ያን ቀን የድሮው የጃያንትስ ኮከብ የዊሊ ሜይስ 24 ቁጥር ተሰቀለ፣ ማለትም እንደ ሮቢንሰን 42 ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ተደረገ። ሜይስ በ1972 ወደ ሜትስ ሲመጣ የቡድኑ የመጀመሪያዋ ባለቤት ጆአን ፔይሰን ቁጥርህን እንሰቅልልሃለን ብላው ነበር። እሷ በ1975 አረፈች፣ ቃሏም ተንጠልጥሎ ቀረ። ሌሎች ባለቤቶች መጥተው ሄዱ። ከ50 ዓመት በኋላ አዲሱ ባለቤት ፈጸመው፣ ሜይስ 91 ዓመቱ ሆኖ በሕይወት እያለ። ሌላ ሰው የገባውን ቃል የሚከፍል ባለሀብት ብዙ አላውቅም።

ምክሬ አጭር ነው። ፎቶዋን ከጥግ አውጣት። ያሉትን ሰዎች ሜዳ ላይ አውጧቸው፣ ንግግር አይኑር። ለቡድኑ ምልክት የሆነ ተጫዋች ካለ ቁጥሩን ስቀሉለት። የፎቶዋን የኅትመት ወጪ እኔ እችላለሁ፣ ሒሳቡን በውስጥ መስመር ላክልኝ።


የበረኛው ልጅ

አንድ ጓደኛዬ ይህን ገጽ ልካልኝ ነው የመጣሁት። ወንድሜ ባነር ቤት፣ ዳቦ ሲገዙ ያገኘሃቸው አባቴ ናቸው። ሹራብ የለበሰው በረኛም እሳቸው ናቸው። አንብቤላቸው በሳቅ ሞቱ። እንደገና ማለቴ ነው።

ስልክ ላይ አይጽፉም፣ እኔ ነኝ የምጽፍላቸው። እንዲህ ብለዋል፦

"ሞቷል ያለኝን ሰው አውቀዋለሁ፣ ጠላቴ አይደለም። ሰፈር ስቀይር መገናኘት አቆምን፣ ሰው ከዓይን ሲጠፋ እንዲህ ነው። እኔን ከዝርዝሩ አውጡኝና በኔ ቦታ አንድ የዘለላችሁትን ልጅ አስገቡ። ግራ ተመላላሽ የነበረው። እሱ በእውነት አርፏል። ያልጻፋችሁት በመጨረሻው ዓመት ለባላጋራችን ስለተጫወተ ነው። ማሊያ ቀየረ፣ እሺ። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት ግን የኛ ናቸው። የቡድኑን ታሪክ ስትጽፉ የተጣላችሁትን ሁሉ ካወጣችሁ 11 አይሞላላችሁም።

"ቁጥር እንስቀል የሚለውን የኒውዮርኩን ልጅ አመስግኑልኝ። ግን እኛ ጋ አይሠራም። በኛ ጊዜ ቁጥር የሰው አልነበረም፣ የቦታ ነበር። ከ1 እስከ 11። ዘጠኝን የሚለብሰው የዕለቱ አጥቂ ነው፣ ሲታመም ሌላው ይለብሰዋል። ማሊያውም የቡድኑ ነው። ጨዋታ ሲያልቅ አውልቀን እንቆጥራለን፣ ተራ የደረሰው ቤቱ ወስዶ ያሳጥባል። ስምንት ቁጥርን ብትሰቅሉት የማንን ልትሰቅሉ ነው? አራት ሰው ለብሶታል፣ አራቱም ጥሩ ነበሩ። እንዲያውም ሦስቱ። ቁጥሩን ለልጆቹ ስጡ፣ ይሩጡበት።

"አረንጓዴው ቀለም ታሪካዊ ነው እያላችሁ እንደሆነ ሰማሁ። ለሁላችንም የሚበቃ ጨርቅ ሱቁ ውስጥ የነበረው በዚያ ቀለም ብቻ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ሰንበሩ የመጣው ከተረፈ የነጠላ አቡጀዲ ነው። ከለበስነው በኋላ ግን የኛ ሆነ፣ ስለዚህ አትቀይሩት።

"ሸራ ጫማ ያደረገው ልጅ አንዱ ታኬታው ተቀዶ ነው። ቀኙን ብቻ ተውሶ ገባ፣ ግራው ሸራ ቀረ። ጎል ያገባው በሸራው ነው።"

የመጨረሻዋን ሲሉ እናቴ ከጓዳ "ውሸት ነው" ብላለች። ሁለቱንም ጻፍኩላችሁ።


ሙጋድ ነኝ

ይሄንን በቪዲዮ! እህቴ፣ አባባን እሺ ካሰኘሽልኝ ስልኬን ይዤ እመጣለሁ። እናትሽም ከጓዳ ሆነው ይግቡበት፣ እንዳይቀሩ። ሁለት ደቂቃ ሁለት ደቂቃ አድርገን ቴሌግራም ላይ እንለቃለን። ንግግር የለ፣ ማይክ የለ።


ባነር ቤት (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኩዊንስ፣ ሒሳቡን ልኬልሃለሁ፣ እጅህ ይባረክ። እህቴ የበረኛው ልጅ፣ አባባን ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ ስማቸው ከኮምፒውተሬ ላይ ጠፍቷል። ግራ ተመላላሹም ገብቷል።

ትናንት ማታ ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር። ፎቶዋን በትልቁ አትሜ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል አድርጌ፣ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ምንም ሳልናገር ግድግዳው ላይ ዘረጋሁት። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውጥተው ቀረቡ። መጀመሪያ የጥራቱን ነገር አነሱ፣ ደብዝዟል አሉ። ከዚያ ከቆሙት አንዱን ለይተው "ይሄማ የአክስቴ ልጅ ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ስብሰባ መሆኑ ቀረ፣ ሁሉም ጣቱን ይቀስራል። ማን ማን እንደሆነ በእርሳስ የተጻፈው ጀርባው ላይ ደብዝዞ ስለነበር የዘጠኙን ስም እዚያው አገኘን። የቀሩትን ዕድሮች ጋ እንጠይቃለን።

ግን ሁሉም አልተሳካም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የክፍለ ሀገሩ ምርጥ ፎቶዎች ይቅሩ ስል ሊቀመንበሩ እምቢ አሉ። "ያን ቡድን ባላይ ኖሮ ይህን ቡድን አላቋቁምም ነበር" አሉ። መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው፣ የሳቸውም ታሪክ ታሪክ ነው። ስለዚህ ሁለት ባነር ሆነ። የሳቸው መግቢያው በር ላይ፣ የኛ ሜዳው ውስጥ። ማሊያው ላይ ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄድን። ለውድድሩ ያንን ቅጂ ይለብሳሉ፣ ገንዘቡ ቀድሞ ተከፍሏል። ለበዓሉ ቀን አረንጓዴው ይሰፋል። ጨርቁን ሙጋድ ይመርጣል፣ ሲያሳክከው ራሱ ይጠየቅበታል። የስፖንሰሩ ስልክ ቁጥር ወደ ጀርባ ሄዷል፣ እሱ ትንሽ አኩርፏል።

ጨዋታው እሁድ 4 ሰዓት ነው። መጀመሪያ አንጋፋዎቹ 20 ደቂቃ 20 ደቂቃ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ዋናው ቡድን። ንግግር የሚባል አይኖርም ብዬ ነበር፣ ለሊቀመንበሩ አምስት ደቂቃ ተፈቅዷል። ማይኩን የምይዘው እኔ ነኝ።

አሁን የጎደለን ተጋጣሚ ነው። በርበሬ ወንዝ፣ የፋብሪካችሁን የድሮ ልጆች ሰብስበህ የሐረጎን ዳገት ታወጣልናለህ? ሚኒባሱን ለመቻል ኪሳችን ትንሽ ሳስቷል፣ ምሳ ግን ከኛ።


በርበሬ ወንዝ (ኮምቦልቻ)

ለሚኒባሱ እኛው እናዋጣለን፣ 25 ኪሎ ሜትር ምን አላት። ችግሩ ሌላ ነው። ቆላ ለመዱ እኮ፣ ደሴ ብርድ ላይ ሁለት ሩጫ ሲሮጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስለዚህ 20 ደቂቃ አይሆንም፣ 15 በሉት። መቀያየርም ያለ ገደብ ይሁን። አንዱ ልጃችን ስኳር አለበት፣ በመሀል ሻይ ሊያስፈልገው ይችላል።

በረኛችሁ አባባ ይሰለፋሉ ወይስ ቆመው ያያሉ? ከተሰለፉ ቀድማችሁ ንገሩን፣ ከሩቅ እንዳንመታባቸው። ደግሞ ዳኛው የደሴ ሰው አይሁን። ባለፈው የተደረገብንን እኛ አልረሳንም።


የበረኛው ልጅ

ይሰለፋሉ። "ከሩቅም ከቅርብም ምቱ" ብለዋል። እናቴ ደግሞ የመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ብላለች፣ እሱ ላይ ገና እየተከራከሩ ነው።